ራሔል በሰመራ መንገድ ዳር

የእናቴ ስም ራሔል ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሌላ የማንንም ዘመድ ስም አላነሳም፤ የወንድሜንም ቢሆን። የእሷን ግን መተው አልቻልኩም፤ የምጽፈው ስለ ስሟ ነውና።

ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። በደጋው አገር ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር መጽሐፍ ሳይገልጡ ስም አያወጡም። ራሔል ማለት በዕብራይስጥ ሴት በግ ማለት መሆኑን ለቤተሰቡ ያስረዱት በኩራት ነበር አሉ። ኩራቱ ግን ከቤታቸው ደጃፍ አላለፈም። የሰፈሩ ልጆች ትርጉሙን የሰሙ ዕለት እናቴ “በጊቱ” ተባለች። በእኛ ዘንድ በግ ማለት የነገሩትን ሁሉ አምኖ፣ ወደ ነዱት ሁሉ የሚነዳ ሰው ነው። እናቴ ደግሞ በዕድሜዋ የነገሯትን አምና አታውቅም። እንዲህ ያለ ስም ለእንዲህ ያለ ሴት መስጠት ሹራብ ለአዋሽ ሰው እንደመስጠት ነው።

አዋሽ የወረደችው በትዳር ነው። አባታችን የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። እኔም ወንድሜም እዚያ ተወለድን። አባታችን ሲሞት ወንድሜ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። እናቴ ጣቢያው ላይ ለተሳፋሪ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ እየሸጠች፣ ባቡሩ የቆመ ጊዜ ደግሞ ወደ መኪናው መንገድ ተዛውራ አሳደገችን። እሷ ስትሸጥ ወንድሜን በጀርባዬ የማዝለው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እህቱ ብቻ ሳልሆን ግማሽ እናቱም ነኝ። ይህንን እናቴ ፊት ብናገር ግን ሌላው ግማሽ የማን እንደሆነ በጥፊ ታስረዳኝ ነበር።

ስለ ወንድሜ የማስታውሰው ትልቅ ነገር የለም። ቆሞ ይበላል። ቀልድ ሊያወራ ሲል ገና ሳይጀምር ራሱ ይስቃል፤ የቀልዶቹን መጨረሻ ሰምተን አናውቅም። የጭነት መኪና ከሩቅ ሲመጣ ባዶ ይሁን የተጫነ በድምፁ ይለያል። በሙቀቱ ወራት እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ በረንዳው ላይ ሲተኛ፣ አንድ እግሩ ሁልጊዜ ከፍራሹ ውጭ ነው የሚያድረው። ዛሬም ከፍራሽ የወጣ የሰው እግር ሳይ ቆም ብዬ አየዋለሁ። ናፍቆት መልክ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንዲህ ያለውን ተራ ነገር ሁሉ እየለቀመ ነው የሚመጣው።

ትምህርቱ አልሆነለትም። ስኳር እርሻው ላይ ከደጋ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ጋር አገዳ ቆረጠ፣ ወገቡን አመመውና ተመለሰ። ከዚያ አንድ ጠዋት “የመኪና ረዳት ሆኜ ትንሽ ልሥራ” ብሎ ወጣ። አዳይቱን አልፎ ሰመራ ሲደርስ በሰው ስልክ ደወለ። “የሰመራ ሙቀት የአዋሽን ያስመሰግናል” አለና ሳቀ። “ስሻገር እደውላለሁ” አለ። ምን እንደሚሻገር የገባን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጠረፉን ገላፊን፣ ከዚያ ጅቡቲን፣ ከዚያ ባሕሩን።

አልደወለም።

ከባሕሩ ወዲህ ተይዞ የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ ወንድሜን ጀልባ ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ አለ። ጀልባው ደረሰ ወይ ስንለው መሬት መሬት አየ። ሌላው ደግሞ ጅዳ ውስጥ መኪና ሲያጥብ እንዳየው ማለ፤ ቆይቶ ግን ያየሁት ሰው ጢም ነበረው አለ። ወንድሜ ጢም አልነበረውም። እናቴ “እስከ አሁን አብቅሎ ይሆናል” አለች። እኔ የጀልባውን አመንኩ፣ እሷ የጢሙን። በአንድ ቤት ውስጥ እየኖርን የተለያየነው ያኔ ነው።

ብዙም ሳትቆይ የአዋሹን ቤት አከራይታ ዕቃዋን ጭና ሰመራ ገባች። “ድምፁ የመጣው ከዚያ ነው” ነበር ምክንያቷ። ከወሎ የመጡ፣ ከመንገዱ ዳር ሆቴልና ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ከሱቃቸው ጎን ክፍል አከራዩዋት፤ ሻይና ፓስቲ መሸጥ ጀመረች። እኔ ያኔ የፋርማሲ ትምህርቴን ልጨርስ ነበር። እንደጨረስኩ መልሼ ልወስዳት ሄድኩ። ስለምናት፣ ስቆጣ፣ ስለምናት ከረምኩ፤ በመጨረሻ እዚያው አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። እሷን ልመልስ ሄጄ እኔም ቀረሁ። ዛሬም እዚያው ነን።

ሻይ ቤቱ የተሠራው ለሹፌር ነው፤ እናቴ የከፈተችው ግን ለእግረኛ ነው። ከደጋ የወረዱ ልጆች፣ ጫማቸው ያለቀ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፣ ፌስታል ያንጠለጠሉ፣ ወደ ገላፊ በእግራቸው ያልፋሉ። ታስቆማቸዋለች። ውኃ ታጠጣቸዋለች፣ ፓስቲ ትሰጣቸዋለች፣ ከዚያ “እናትህ ታውቃለች?” ትላለች። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይዋሻታል። “ስትደርስ ደውልላት፤ ባትደርስም ደውልላት” ትለዋለች። የሚመለስ የለም። እሷም ተመለሱ ብላ አትለምንም፤ ልጆቹን ቁጭ ብላ እስኪጠፉ ድረስ ታያለች።

የሻይዋን ወተት የምታመጣላት ከአሳይታ በኩል የመጣች የአፋር ሴት ነች፤ ከኋላችን በጎችና ፍየሎች አሏት። አንድ ቀን ወተቱን እየገለበጠች እናቴን ስለ ስሟ ጠየቀቻት። ስሙ ለጆሮዋ አዲስ ሆኖባት ነው። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የደበቀችውን ትርጉም ለምን ለእሷ እንደነገረቻት አላውቅም፤ ብቻ ነገረቻት። ሴትየዋ አጨበጨበች።

“ጥሩ ስም! ማነው ያወጣልሽ?”

“አባቴ።”

“አባትሽ ከብት ያውቃል።”

አባቷ ከብት አያውቁም፤ ድጓ ነው የሚያውቁት። እናቴ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ፈገግ ስትል አየሁ።

“በግ ልጅዋን ስታጣ ታውቂያለሽ?” አለች ሴትየዋ። “ሁሉ ቦታ አትፈልግም። መጨረሻ ያጠባችበት ቦታ ትመለሳለች። እዚያ ትቆማለች፣ ትጮኻለች። መንጋው ሄደ፣ እሷ አትሄድም። በዱላ ብትመቻት አትሄድም። እኔ አልመታትም፤ ትቁም።”

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። “ሰማሽ?” አለችኝ።

ሰማሁ። ያን ጠዋት አዋሽ እንመለስ ብዬ ስጨቀጭቃት ነበር ያረፈድኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አላነሳሁትም፤ ስላመንኩ ሳይሆን በበግ ስለተረታሁ ነው።

ስለ ስሙ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሄሮድስ የተገደሉት ሕፃናት በሚታሰቡበት ሰሞን አንድ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ራሔሎቹን ሁሉ በአንድ ጉባኤ ደረደራቸው። የመጀመሪያዋ የያዕቆብ ሚስት ናት፤ ስሟ በግ ሆኖ የአባቷን በጎች ስትጠብቅ ጉድጓድ አጠገብ ያገኛት። ልጅ አጥታ ኖራ፣ ልጅ ካልሰጠኸኝ እሞታለሁ ብላ የተጣላች፣ ኋላም ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ በመንገድ ላይ የሞተች። ሌላዋ በግብጽ ባርነት ዘመን ጭቃ ስትረግጥ ምጥ የያዛት፣ ልጆቿ ከጭቃው ጋር የተረገጡባት፣ እንባዋን ወደ ሰማይ የረጨች ራሔል ናት። ይህችን ከኦሪት ፈልጌ አጥቻታለሁ፤ ከአባቶች አፍ ነው የመጣችው። እኛ ስለ ራሔል እንባ ስናወራ ግን የምናስበው እሷን ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ ሥጋዋ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ድምፅዋ የተሰማው ናት፤ ልጆቿ የሉምና መጽናናትን እንቢ ያለችው።

ሰባኪው አለቀሰ፣ ሕዝቡም አለቀሰ። እናቴ አላለቀሰችም። እኔ የቆየሁት በመጀመሪያዋ ራሔል ነገር ነው። ያዕቆብ ያን ያህል ዓመት ያገለገለላትን ሴት ለምን ወደ ዘመዶቹ መቃብር አልወሰዳትም? መንገዱ ዳር ቀበራት፤ ድንጋይ አቆመላትና ሄደ። ልያ የቤተሰቡ መቃብር ደረሳት፤ የተወደደችው ራሔል መንገድ። ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ አናደደኝ። ቆይቶ እንደገባኝ ግን፣ ልጆቿ ተማርከው ሲነዱ በዚያ መንገድ ያልፋሉ ይባላል። ሌሎቹ እናቶች በዘመዶቻቸው መካከል ተኝተው ሳለ፣ ልጆቹ ሲያልፉ ያየቻቸው እሷ ብቻ ናት። መንገድ ዳር ያለች እናት ናት ራሔል። ይህን ያሰብኩት ሻይ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እናቴ አንድ ፌስታል የያዘ ልጅ በዓይኗ ስትሸኝ እያየሁ ነው።

ከጉባኤው የተመለስን ዕለት እናቴ መጽሐፏን አወጣች። ማንበብ ከአባቷ ተምራለች፤ የማታውቀውን ፊደል እንኳ የምታውቀው መስላ ነው የምታነበው። “ሰባኪው ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው” አለች። ኤርምያስን ገለጠች። እዚያ ከልቅሶው ቀጥሎ ያለውን ጣቷን እያስኬደች አሳየችኝ፤ ድምፅሽን ከልቅሶ ከልክዪ፣ ልጆችሽ ከጠላት አገር ይመለሳሉ የሚለውን።

“አየሽ፣ እንቢ ስላለች አልተቆጣትም” አለችኝ። “ተጽናኚ አላላትም። ይመለሳሉ ነው ያላት።”

“እማዬ፣ እሱ እኮ ስለ እስራኤል ምርኮኞች ነው።”

“የኔስ ስም ማነው?”

ከእናቴ ጋር ስከራከር ረትቼ አላውቅም።

አንድ የበዓል ዋዜማ በጸሎት እንዲታሰብላት የወንድሜን የክርስትና ስም ለአባ ነገረች። አባ የሰመራው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ ትዕግሥተኛ ሽማግሌ። “በሕይወት ካሉት ነው ወይስ ካረፉት?” ብለው ጠየቁ። ማንንም የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ከኋላችን ሰልፍ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

“አባ፣ ልጄ አልደወለም እንጂ አላረፈም” አለቻቸው። አባም ራሳቸውን ነቀነቁና የሚቀጥለውን ሰው ጠሩ።

ዘመዶቻችን ከደጋ እየተፈራረቁ መጡ። ታላቅ እህቷ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሳ መጥታ፣ ላቧ እየተንቆረቆረ ለመነቻት። “እርምሽን አውጪ። አንድ ቀን አልቅሰን እንገላገል። ልጅም ተዝካሩን ይፈልጋል” አለቻት። እናቴ በማራገቢያ እያራገበችላት “እናንተ ተገላገሉ፣ እኔ ምን ከብዶኝ?” አለች። አክስቴ በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለሰች። ሙቀቱን ነው ወይስ እናቴን ያልቻለችው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እኔ ግን ማልቀስ እፈልግ ነበር። በግልጽ ልጻፈው፦ ወንድሜ ሞቷል ብዬ አምናለሁ። ጀልባው አልደረሰም። ይህንን ካመንኩ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን እንደ ሰው አላለቀስኩለትም። በእኛ አገር ሰው ብቻውን አያለቅስም። አልቃሽ አለ፣ አስለቃሽ አለ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመጣ ጎረቤት አለ፣ አጠገብሽ ተቀምጦ “አይዞሽ” የሚል አለ። እናቱ ያላለቀሰችለትን ልጅ እህቱ ቀድማ ልታለቅስለት አትችልም። መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ገብቼ ሞክሬ አውቃለሁ፤ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አፌን በነጠላዬ ይዤ። አልመጣም። ሁሉ ቤት ለቅሶ ደርሻለሁ፣ የሰው ሬሳ ላይ አልቅሻለሁ፤ የራሴ ሲሆን ግን ደረቅኩ። ከእናቴ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን አብራኝ ታልቅስ፣ ከዚያ ሕይወታችንን እንቀጥል።

በዚህ መካከል ሰው ወደደኝ። የደሴ ልጅ ነው፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ጤነኛ ሰው ያን ያህል የራስ ምታት ኪኒን ሲገዛ አይቼ ስለማላውቅ ቶሎ ነው የነቃሁበት። እኔም ወደድኩት። ስለ ጋብቻ ሲያነሳብኝ ግን “ቤታችን ውስጥ ያልተለቀሰ ለቅሶ አለ፤ በላዩ ላይ ሠርግ አይደገስም” አልኩት። ገባው። ጠበቀ። እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና ያንኑ መለስኩ። ሰው ሲጠብቅ ይሰለቻል፤ አንድ ቀን ሊያስደስተኝ ብሎ ሳይነግረኝ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌ ሲላክ የልጅቱ ቤት አስቀድሞ ወሬው ይደርሰዋል፤ ቤት ይጠረጋል፣ የሚቀርብ ነገር ይዘጋጃል። እሱ ግን ዘመድ አጠገቡ የለም፣ የሚመክረው የለም። በሰመራ የሚያውቃቸውን የተከበሩ ሰዎች ሰበሰበ። አባን ለመነ። አከራያችንን ሐጂን ለመነ። ሦስተኛው በገላፊ የሚመላለስ ሸበቶ ሹፌር ሆነ፤ እናቴን “እማማ” የሚል፣ ፓስቲዋን የሚወድ። ይህ ሹፌር የወንድሜን ፎቶ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር የሚዞረው። እናቴ ናት የሰጠችው፣ ጠረፉ ላይ እየጠየቀ እንዲያሳይላት።

ሰመራ ውስጥ ቁም ነገር የሚሠራው ፀሐይ ሳትከር ነው። ከረፈደ በኋላ ሰው ጥላ ፍለጋ እንጂ ጉዳይ ይዞ አይሄድም። ሽማግሌዎቹም ቅዳሜ ማለዳ መጡ፣ ገና ጎህ እንደቀደደ። እናቴ ለፓስቲው ሊጥ እያቦካች ነበር። እኔ ከሰል እያያያዝኩ ነው። በሩ ላይ ሦስቱ ቆመው አየኋቸው፤ ነጭ ለብሰዋል፣ አባ መስቀላቸውን ይዘዋል፣ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል፣ ሹፌሩ ከኋላ አንገቱን ደፍቷል። ሹፌሩ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ የመጀመሪያው ስለነበር አፍሮ ነው፤ ይህንን ኋላ ነው የነገረን።

“ግቡ እንጂ! ምን ትቆማላችሁ? ተቀመጡ” አለች እናቴ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አንቀመጥም። የመጣንበትን ጉዳይ ሳትሰሚልን አንቀመጥም።”

ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ነገሩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ደንቡ ነው። ግን እንዲሁ በማለዳ መጥቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ አልቀመጥም የሚል ሌላም አለ። መርዶ ነጋሪ።

እናቴ አባን አየች። ሐጂን አየች። ከዚያ አንገቱን የደፋውን ሹፌር አየች። ሊጥ የያዘው እጇ አየር ላይ ቀረ።

“አትናገሩ” አለች።

“የመጣነው…” አሉ አባ።

“አትናገሩ ብያለሁ!”

ከዚያ ጮኸች። ከእናቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴ ሲሞት እንኳ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ በሊጥ እጇ ደረቷንና ፊቷን ደቃች፣ ፊቷ ነጭ በነጭ ሆነ። የወንድሜን ስም ጠራች። ለዓመታት በቤታችን ውስጥ ይደውላል፣ ይመጣል፣ ይበላል እየተባለ የተጠራውን ስም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በለቅሶ ድምፅ ጠራችው።

እኔ ሽማግሌ መሆናቸውን አውቄያለሁ። ሐጂ ከኋላቸው የያዙትን የስኳር ፌስታል አይቻለሁ፤ መርዶ ነጋሪ ስኳር አይይዝም። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ጓዳ ውስጥ እንቢ ያለኝ ለቅሶ መጣ፣ እኔም የከሰል መያዣውን ጥዬ መሬት ላይ ተቀምጬ ወንድሜን አለቀስኩት። ወንድሜ፣ ቀልድህን ሳትጨርስ! ወንድሜ፣ በጀርባዬ ያሳደግኩህ! አገሬ ላይ ሰው ሲያለቅስ እንደሚለው አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ደስታ አይባልም፤ ግን ሌላ ቃል አጣሁለት።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መጣ። የሻይ ቤት ሴቶች፣ ረዳቶች፣ ያቺ የአፋር ሴት የወተት ዕቃዋን እንደያዘች። ሰመራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ያልተመለሰለት ሰው አለው፤ የማንን እንደሚያለቅስ የጠየቀ የለም። አባ “ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኛ እኮ ለሌላ ጉዳይ ነው” ይላሉ፤ ማን ሰምቷቸው። ሐጂም መጀመሪያ “ያ ረቢ! ያ ረቢ! ኒካህ እኮ ነው የመጣንበት!” እያሉ እጃቸውን አወናጨፉ። ቆይተው ግን እሳቸውም በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በቆባቸው ሸፈኑ። የእህታቸው ልጅ በዚያው ባሕር ሄዶ እንዳልተመለሰ ያወቅነው ያን ቀን ነው። አብረናቸው ስንኖር ነግረውን አያውቁም።

እናቴ አጠገብ ተጎትቼ ደረስኩ። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ እሷም በሊጥ እጇ ፀጉሬን እየያዘች አለቀሰች። አንድ ላይ። ለዓመታት የፈለግኩት ይኸው ነው።

በመጨረሻ ሹፌሩ አላስቻለውም። መካከል ገብቶ ጮኸ፦ “እማማ! መርዶ አይደለም! ሴት ልጅዎን ለጋብቻ ልንጠይቅ ነው! በእናቴ ሞት፣ መርዶ አይደለም!”

እናቴ ቀና አለች።

“መርዶ አይደለም?”

“አይደለም።”

ወደ አባ ዞረች። “አባ፣ በያዙት መስቀል?”

“በዚህ መስቀል፣ ስለ ልጅሽ የሰማነው ምንም ነገር የለም” አሉ አባ። እውነታቸውን ነው፤ ምንም አልሰሙም።

መስቀሉን ተሳለመች። ራሴን ከጭኗ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች። ከጀሪካኑ ውኃ ቀድታ ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ እንደ ወጉ አጣፋች። የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አየች፣ ፊቷ በራ።

“ሞቶ ቢሆን ዛሬ ይነገረኝ ነበር” አለች። “እንግዲያው ልጄ አለ።”

ሐጂ ዓይናቸውን ጠርገው “አልሐምዱ ሊላህ” አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? እናቴ ሽማግሌዎቹን በእጃቸው እየያዘች አስቀመጠቻቸው። ልጁ ማን እንደሆነ ጠየቀች፣ እናቱ ደሴ ውስጥ የት እንደምትኖር ጠየቀች፣ ሳትለመን እሺ አለች። “ከፋሲካ በኋላ ይሁን” አለች፤ “እስከዚያ ወንድሟም ይደርስ ይሆናል።” ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አልተበተነም። አንዷ ዘይቱን አሞቀች፣ አንዷ ሊጡን ተቀበለቻት፣ ረዳቶቹ ወንበር ተሻሙ፣ አንድ ሴት እልልታ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። እናቴ ወንድሜ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

እኔ እዚያው መሬት ላይ ነበርኩ። ማቆም አልቻልኩም። ሴቶቹ “ሙሽራ ስታለቅስ ደስ ይላል” እያሉ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። እናቴ መካከላቸው ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ጉንጬ ላይ የደረቀውን ሊጥ ጠረገችልኝ።

“አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?” አለችኝ። “የሞተ ሰው የለም እኮ። በይ ተነሺ፣ ለሰዉ ሻይ ቅጂ።”

ተነሥቼ ቀዳሁ።